ያቃናሁት ቦርድ

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ዛሬ ልጄን ናሆሚን ከልምምዷ አስቀርቼ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ሄደን እስክንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም። ቅዳሴው ላይ እንኳ ዓይኗ መስኮቱን አልለቀቀም። ውጭ በረዶ እየጣለ ነበር፤ ለእሷ ቅዳሴው ያ ነው። ይሄን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ ባለቤቴ ሄርሜላም በክርኗ ጎሸመችኝ። እንዲህ ያለው ነገር ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ሁልጊዜ የሚቆጨኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤዝመንት ወረድኩ። ማሞቂያው ይንኳኳል ብላ ሄርሜላ ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ነበር። ማሞቂያው ደህና ነው። አጠገቡ የናሆሚ ስኖውቦርድ፣ ያ በረዶ ላይ ቆማ የምትንሸራተትበት ጣውላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ይሄ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ እጄን አሳርፌበት አላውቅም፤ ሳያስፈቅደኝ እንደ ገባ ደባል ነበር የማየው። ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንሥቼ ወለሉ ላይ አጋደምኩት።

ጠሟል።

ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ የተቀለበሱት ሆን ተብሎ ነው፣ በረዶው ውስጥ እንዳይሰካ፤ እሱ ይገባኛል። መሐሉ ግን ወለሉን አይነካም። ጣቶቼን በሥሩ አሳለፍኳቸው። ረጅሙን ውሃ ልክ አምጥቼ አስጠጋሁበት፣ ያው ነው፣ ጎብጧል። ቦርዱን የገዛችው በዕድሜ ከምትበልጣት አንዲት ተወዳዳሪ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ቤት ሠርታ። ሸውደዋታል። የሰው ጋራዥ ውስጥ እርጥበት ሲመታው ከርሞ ነው የሸጡላት።

ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። ሰው ሁሉ ከፈረንጅ ገና በፊት አዲስ ኩሽና ይፈልጋል።

እንጨት በሙቀት የሚጫነው ሆት ፕሬስ ጋ ቆሜ ስለዚያ ቦርድ ሳስብ ዓብዱልቃድር መጣ። እዚህ ካልጋሪ፣ ካቢኔት ፋብሪካው አንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፤ እሱ ደሴ፣ እኔ አዲስ አበባ እንጨት ስንሠራ ኖረን። «ምን ፈዘሃል?» አለኝ። «የጠመመ ኮምፔንሳቶ በዚህ ይቃናል?» አልኩት። «አጣብቀው፣ አሙቀው፣ እንደተጫነ ይቀዝቅዝ፤ ምን ጠፍቶህ ትጠይቀኛለህ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ምንም አልጠፋኝም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ዛሬም ተጣላን። ናሆሚ በየካቲት ለፕሮቪንሱ ወጣቶች ቡድን ምርጫ እንዳለ፣ አሰልጣኟም ትገቢያለሽ እንዳላት ለእናቷ ስትነግር ሰማሁ። ለእኔ አልነገረችኝም። ገብቼ «በረዶ ላይ መንሸራተት እንጀራ ይሆናል?» አልኳት። «አይ ኔቨር አስክድ ዩ ባባ፣ ምንም አልጠየቅኩህም» አለችኝ። እውነት ነው፣ ጠይቃኝ አታውቅም። የሚያናድደኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ሳለች መዶሻዬን ይዛ ትከተለኝ ነበር። አሁን ስገባ ክፍሏ በር ይዘጋል። ምን ላድርግላት? የማውቀው እንጨት ነው።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ሠራሁት!

ናሆሚ ትምህርት ቤት እንደሄደች ቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ አስገባሁ። በምሳ ሰዓት ፎርማኑን አስፈቀድኩት፣ እሱም ትከሻውን ሰበቀና ፈቀደ። የእግር ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። የተቀለበሱት ጫፎች እንዳይጎዱ ከፕሬሱ ውጭ አስቀረኋቸው። ከላይም ከታችም ለስላሳ ጠርብ አደረግኩለት። ሙቀቱን ቬኒር፣ ስሱን የእንጨት ልባጥ፣ ስንለጥፍ ከምናደርገው ትንሽ ቀነስኩት፣ እስከ ሥራ መውጫም ተጭኖ እዚያው እንዲቀዘቅዝ ተውኩት።

ዓብዱልቃድር መጥቶ አየና «ልጅቷን ጠይቀሃታል?» አለኝ።

«ሰርፕራይዝ ነው፣ ለገና።»

«እኔ እንጃ፣» አለ ጢሙን እያሻሸ፤ «የእኔዋ ረሂማ ስልኳን ያለፈቃድ ሳጸዳላት እንኳ አንድ ወር አኩርፋኛለች።»

ሳቅንበት። ሳወጣው ግን እሱም አደነቀ። ቀጥ ብሏል። ውሃ ልኩን ባስጠጋበት ብርሃን አያሾልክም። ለራሴ ጠረጴዛ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰጠኋት። ሄርሜላ ቀይ ሪባን አስራበት ነበር። ናሆሚ መጀመሪያ የራሷን ቦርድ ሪባን ታስሮበት ስታይ ሳቀች። «ጠሞ ነበር፣ አቃናሁልሽ፤ ሸውደውሽ ነው እንጂ እንዲህ ሆኖ አይሸጥም» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ቦርዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ጉንጯን ምንጣፉ ላይ አስጠግታ በሥሩ ተመለከተች። እንዳየችው አልተነሣችም፣ ቆየች። «ባባ፣ አንተ ነህ ይሄን ያደረግከው? ላይክ፣ በእጅህ?» አለችኝ። በፕሬስ እንደሆነ፣ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ተነሥታ ስታቅፈኝ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ልጄ አቅፋኝ የምታውቀው መቼ ነበር? እኔም አለቀስኩ፤ ሄርሜላ ሁለታችንንም ታየናለች።

ምግብ ሲቀርብ ናሆሚ ሆዴን አሞኛል ብላ ክፍሏ ገባች። ደስታ እንዲህ ያደርጋል፣ እኔም ብዙ አልቀመስኩም። ከመተኛቷ በፊት ወረደችና «እሑድ ልምምድ አለኝ፣ መጥተህ ታየኛለህ?» አለችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ እመጣለሁ አልኩ። በቃ፣ ታረቅን።

ጥር 3፣ እሑድ

ሄድኩ። ከተማው ዳር ካለው ኮረብታ፣ አጥሩ ሥር፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ ቆምኩ። ከላይ ስትወርድ አጥሩን ጨብጬ አየኋት። አንድ ቦታ ስትታጠፍ ተንሸራታ ወደቀች፣ ተነሥታ በሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ። በኋላ ሌላ ቦታ ወደቀች። አሰልጣኟ ጠርታ ስታነጋግራት አየሁ፤ ናሆሚ ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው ወደቅሽ?» ስላት «በረዶው ነው ባባ» አለች።

መኪና ውስጥ እስከ ቤት አወራን። አራት አምስት ሆነው እኩል ተነሥተው፣ በጉብታና በጥምዝ መንገድ ወርደው፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ነው ውድድሩ። ቦርዱ የሚዞረው በጠርዙ እንጂ በሆዱ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ጠርዙ በረዶውን ነክሶ ካልያዘ ቦርዱ ይሸሻል። ሰፈራችን ቴምፕል ገብተን ቤታችን በር ላይ ቆመን እንኳ ወሬያችን አላለቀም። ሞተሩ እየሠራ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ሁለታችን ስንስቅ ሄርሜላ መጋረጃውን ገልጣ «እነዚህ አብደዋል» ብላለች።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሥራ ነበር፣ አልሄድኩም ለታቦቱ። ናሆሚ ስልክ ደውላ «እሑድ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ዓብዱልቃድር «ፊትህ በርቷል» አለኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

ቺኑኩ፣ ይሄ ድንገት የሚመጣው ሞቃት ነፋስ፣ ከትናንት በስቲያ ነፍሶ በረዶውን ሁሉ አቀለጠው፣ ትናንት ደግሞ መልሶ ቀዘቀዘ። ኮረብታው ዛሬ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው።

ናሆሚ ጥምዙ ላይ ስትደርስ የቦርዱ ኋላ እየሸሸባት ደጋግማ ወደቀች። አሰልጣኟ «ኤጅ! ኤጅ!» እያለች ትጮሃለች፣ ጠርዙን ማለቷ ነው። አጠገቤ የቆሙ የሌላ ልጅ ወላጆች «ይህቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ሁሉን ትቀድም ነበር፣ ምን ሆና ነው?» ሲባባሉ ሰማሁ። እንግሊዝኛ አይሰማም ብለው ይሆናል። ዞሬ አየኋቸው።

መኪና ውስጥ ክርኗን እያሻሸች ተቀመጠች። «የሚቀጥለው ይሻላል» አለችኝ፤ እሷው እኔን ታጽናናኛለች።

ጥር 20፣ ረቡዕ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስታለቅስ ሰማሁ። በሩን አንኳኳሁ። ጉንፋን ነው አለች።

ጠርዙ ደንዝዞ ይሆን? ጠርዝ ማሳል እኔም አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ብረት ነው፣ ለባለሙያው ይሻላል። ዓርብ እወስደዋለሁ።

ጥር 22፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ናሆሚ ቦርዷን የምታሠራበት ሱቅ ሄድኩ። የሚጠግነው ሩቤን የሚባል እዚሁ ካልጋሪ የተወለደ የእኛው ልጅ ነው። ጋሼ እያለ አንተ ይለኛል፤ እዚህ የተወለዱት እንዲህ ናቸው፣ አልተቀየምኩትም። ጠርዙን እንዲስልልኝ ጠየቅኩት። ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ በጎኑ አየው።

«ጋሼ፣ ማሳል እችላለሁ፣ ግን አይጠቅምም። ይሄ ካምበር ቦርድ ነበር። አሁን ካምበሩ ዴድ ነው፣ ሞቷል።»

ካምበር ምንድን ነው አልኩት። ከግድግዳው ላይ አዲስ ቦርድ አወረደና ከጎኑ አጋደመው። አዲሱ መሐሉ ጎብጦ ከጠረጴዛው ተነሥቷል፤ ልክ የልጄ ቦርድ በፊት እንደነበረው።

«ሲ፣ አየህ? መሐሉ እንዲህ አፕ ነው መሆን ያለበት። እስቲ በእጅህ ጫነው።»

ጫንኩት። ቀጥ ብሎ ጠረጴዛውን ነካ፤ መዳፌ ሥር ግን እየታገለኝ ነው፣ ሁለቱን ጫፎቹን ወደ ታች እየገፋ።

«ሰው ሲቆምበት ፍላት ይሆናል፣ ግን ፑሽ ያደርጋል፣ ወደ ጫፎቹ። ስለዚህ ኤጁ ከዚህ እስከዚህ፣ ሙሉውን፣ በረዶውን ይይዛል። አይስ ላይ ሬስ የሚያደርግ ሰው ይሄን ነው የሚፈልገው። ሲዘልም መልሶ ያስፈነጥርሃል።»

ሌላ ቦርድ አወረደ። ይሄኛው ተቃራኒው ነው፣ መሐሉ ተቀምጦ ጫፎቹ ገና ከሩቅ ይነሣሉ። «ይሄ ሮከር ነው፣ ላይክ ሙዝ። ለአዲስ በረዶ ቆንጆ ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ጀማሪም አይጥልም፣ ምክንያቱም ጫፎቹ አይነክሱም። አይስ ላይ ግን...» እጁን ጠረጴዛው ላይ ሸርተት አደረገው። ሁለቱን የቀላቀሉም አሉ አለ፣ ከእግር ሥር ጎብጠው መሐል የሚቀመጡ። ከጅምሩ ፍላት ሆኖ የሚሠራም አለ፣ እሱም ለብቻው ጥሩ ነው።

«ታዲያ ይሄስ ፍላት አይደል?» አልኩት፣ የልጄን ቦርድ እያሳየሁ።

«ይሄ ፍላት እንዲሆን አልተሠራም ጋሼ። ውስጡ ያለው እንጨትና ሙጫው ካምበር ሆኖ ነው የደረቀው። የሆነ ሰው በሙቀት ተጭኖታል። አሁን አይገፋም፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ማን ነው ያደረገው?»

«አላውቅም» አልኩት። አላውቅም አልኩ! አፌ እንዴት ፈጥኖ አለው።

«መመለስ ይቻላል? መልሶ ማጉበጥ?»

«ኖ። ቅርጹ ቢመለስም ኃይሉ አይመለስም። እኔ እኮ ለናሆሚ ነግሬ...» ሲል ሌላ ደንበኛ ገብቶ ጠራው። ምን እንደሚል ሳልጠብቅ ቦርዱን ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ ጥግ ነበር የቆመው። አልሰማም ብዬ ነው እንጂ መመለስ እችል ነበር።

ለማጅ ሳለሁ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚሸከመውን ሞራሌ ስናነጥፍ አለቃዬ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ጎባጣውን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ሸክሙ ሲያርፍበት ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ብሎ የተነጠፈ ግን ይረግባል። አንዴ ገልብጬ ባነጠፍኩ ጊዜ ሁሉንም አስነቅሎ እንደገና አስነጥፎኛል። ይሄን አውቄ ነው የልጄን ቦርድ መሬት ላይ ባዶውን አጋድሜ ጠሟል ያልኩት። ልጄ እንደምትቆምበት አላሰብኩም። ቦርዱን ብቻ ነው ያየሁት።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

አልነገርኳትም። ሄርሜላ እቤት ነበረች። ከዚያ እራት ሆነ።

ጥር 24፣ እሑድ

መኪና ውስጥ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ስለ ትምህርት ቤቷ አወራች፣ ስለ ጓደኛዋ ኤልዳና አወራች፣ አሳቀችኝ። አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ፦ «ለምርጫው ከሩቤን ሌላ ቦርድ ብንዋስስ? ለለውጥ ያህል» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይሄኛው ጥሩ ነው ባባ። ለምጄዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያ፣ እርግጠኛ ነኝ። አንተ ነህ የሠራኸው።»

ጥሩ ነው ካለች ከእኔ በላይ እሷ ታውቃለች። ቦርዱ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ይሄን እየደጋገምኩ ለራሴ ስነግረው ውያለሁ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ዓብዱልቃድር «ቦርዱስ? ተመቻት?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። ዛሬ ሁለት የመሳቢያ ፊት አበላሸሁ፣ ፎርማኑ አየኝ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ሄርሜላ ከአረጋውያን ቤት ሥራዋ ደክማ መጣችና ጫማዋን ሳትፈታ «ልጅህ አትበላም፤ ምን ብለሃት ነው?» አለችኝ። ምንም አላልኳትም አልኩ። «እሱማ ይሆናል፣ ምንም አትልም አንተ» አለችኝ።

ነገ እነግራታለሁ። ነገ ካልሆነ ዓርብ።

ብነግራት ምን ትላለች? እሑድ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ይቀራል። ይሄን እንደ ጻፍኩ አፈርኩ፣ ግን አልሰርዘውም።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ቺኑክ። ውጭ ሰው በሹራብ ይሄዳል። ማታ ይቀዘቅዛል ይላል ሬዲዮው፤ ምርጫው ነገ ነው። አልነገርኳትም።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል። ናሆሚን ለፎቶ አስገብተዋታል። ሄርሜላ ከፊቴ ቆማለች፣ አታየኝም።

ጉልበቷ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ። ጮኸች፣ እኔ ካለሁበት ሰማሁት።

አሁን መጻፍ አልችልም።

የካቲት 8፣ እሑድ

ጾሙ ነገ ይገባል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ናሆሚ በመድኃኒቱ ተኝታለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ግግር በረዶ ነበር። አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ፤ ከመነሻው ላይ ሆና ፈልጋ አገኘችኝና እጇን አነሣችልኝ፣ እኔም አነሣሁ። አምስት ሆነው ተለቀቁ። እስከ ሁለተኛው ጥምዝ ድረስ ሁለተኛ ነበረች። በዚያ በሞተ ቦርድ ሁለተኛ! ጎበዝ እኮ ናት ልጄ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ላይ ስትታጠፍ ሌሎቹ ቦርዶች ሲነክሱ የሚያሰሙት ድምፅ አለ፣ እንደ መጋዝ። የእሷ ድምፅ አልነበረውም። ኋላው ሸሸ፣ ጠርዙ የሆነ ቦታ ላይ ድንገት ያዘ፣ ሰውነቷ ዞረ፣ እግሯ ግን ከቦርዱ ጋር ቀረ።

አጥሩን ዘልዬ ሄድኩ። ሰዎች ያዙኝ። ስደርስ «ሶሪ ባባ፣ ሶሪ» ትለኛለች። እሷ እኔን ይቅርታ ትጠይቀኛለች። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ ለምን አልተናገርኩም? እዚያው በረዶው ላይ ተንበርክኬ እያለሁ? «አይዞሽ» ብቻ ነው ያልኳት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

የጉልበቷ ዋናው ጅማት ተበጥሷል፣ አጠገቡ ያለውም ተጎድቷል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ተራ ትጠብቃለች። የሚቀጥለውም የበረዶ ወቅት አለፈ ማለት ነው። ዶክተሯ «ከዚያ በኋላ እናያለን» አለች። ናሆሚ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ።

ቡድኑ ስም ዝርዝር አውጥቷል። አላሳየናትም፣ ግን ስልክ አላት።

የካቲት 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ አሰልጣኟ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት። አበባ ይዛ መጥታለች። ናሆሚ እግሯን ዘርግታ ሶፋው ላይ ናት። ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ስቀዳ ሰማኋቸው። ናሆሚ በእንግሊዝኛ «ቦርዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ሲጀመርም ያን ያህል ጎበዝ አልነበርኩም። ጉልበቴ ቢድንም አልመለስም» ትላታለች።

ውሃውን አቀረብኩላቸው።

አሰልጣኟን እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። በሩን ከፍታ ትንሽ አመነታችና «አንድ ነገር አይገባኝም» አለችኝ። «ለምርጫው ቀን የራሴን ካምበር ቦርድ አምጥቼላት ነበር። በዚያኛው እንደማይሆን ከጥር ጀምሮ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። እንቢ አለችኝ። አባቴ ሊያየኝ ይመጣል፣ እሱ የሠራልኝን ነው የምነዳው አለች።»

መኪናዋ ጥጉን እስኪዞር ያለ ኮት በረዶው ላይ ቆሜ ነበር። ናሆሚ ታውቅ ነበር። ምንጣፉ ላይ ጉንጯን አስጠግታ ያየች ዕለት ነው ያወቀችው፤ እንባዋን ደስታ ነው ብዬ እኔ ተርጉሜው ነበር። ሩቤን ሱቅ ውስጥ ያቋረጠውን ቃልም፣ ለናሆሚ እንደነገራት፣ ያን ጊዜውኑ ጨርሼው ነበር፣ አልሰማሁም አልኩ እንጂ።

ሄርሜላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ጮኻ ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ሁለታችሁም እንዲህ ናችሁ» አለችና ገብታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የልጇን ፀጉር መጎንጎን ጀመረች። እኔን ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም።

የካቲት 29፣ እሑድ

ሰባት ቀን ሙሉ እንደ ሌባ በበሯ ሳልፍ ሰነበትኩ። ዛሬ ሄርሜላ ሥራ ናት። አንኳክቼ ገባሁ። ክራንቿን አንሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ናሆሚ፣ ቦርድሽን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ ባባ።»

«ከገና ጀምሮ?»

«ከገና ጀምሮ።»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ። ያ ቦርድ አይዝም ነበር፣ አንቺ አይደለሽም። በዚያ ቦርድ ሁለተኛ ነበርሽ።»

ትከሻዋን ሰበቀች። ላስተምራት የመጣሁ ይመስል አነጋገሬ ለራሴም ደስ አላለኝም። ቃላቱ ዘግይተዋል፤ ጥር ላይ ቢሆኑ ኖሮ ቦርድ ይሆኑላት ነበር፣ አሁን ግን አልጋ ላይ ላለች ልጅ ምን ያደርጉላታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለምን ሌላውን ቦርድ አልወሰድሽም?»

ብርድ ልብሱን በጣቷ ነካካች። አማርኛው ሲጠፋት እንዲህ ታደርጋለች፣ ወይም ነገሩ ሲከብዳት።

«አይ ዶንት ኖው። ላይክ... በጣም ደስ ብሎህ ነበር። ከዚያ ደግሞ መምጣት ጀመርክ፣ መኪና ውስጥ ታወራኛለህ፣ ትስቃለህ። ብነግርህ ታፍራለህ፣ ከዚያ ትቀራለህ ብዬ።»

እኔም ከሩቤን ሱቅ የወጣሁ ዕለት ያልነገርኳት ለዚሁ ነው። እጇን ያዝኩ፣ አልነጠቀችኝም። በመስኮቱ የጎረቤት ልጆች ከመኪና ላይ ስኪያቸውን ሲያወርዱ ይታያሉ። አየቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን እሑድ እሑድ ምን እናደርጋለን ባባ?»

ክራንቿን አቀበልኳትና መኪናውን ላሞቅ ወረድኩ።